የድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪ በኢሚውኖሎጂ ቤተ ሙከራ፦ የካንቤራው ምሳሌ

በአንድ ቤተ ሙከራ ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት በውል የሚቀጠር የድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪ ተማሪነቱን ጨርሷል፤ የራሱ ቤተ ሙከራ ግን ገና የለውም። የዚህ ጊዜ ፍሬ ብዙውን ጊዜ በታተሙ ጽሑፎች ቁጥር ይለካል። ይህ አጭር ጥናት ሌላ መለኪያ ያቀርባል፤ ይኸውም ተመራማሪው ይዞት የመጣው ሙያ በቦታው ከሚገኝ የሌላ ሰው ጥያቄ ጋር መገናኘቱ ነው። ለምሳሌነት የተመረጠው ከ1973 እስከ 1975 በካንቤራ፣ አውስትራሊያ የተከናወነ ሥራ ነው። ዘመኑ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ነው።

ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ሮልፍ ዚንከርናጌል በ1973 በአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው የጆን ከርቲን የሕክምና ምርምር ትምህርት ቤት በእንግዳ ተመራማሪነት መጣ። የሕክምና ዶክትሬቱን ቀደም ብሎ ያገኘ ሲሆን፣ ሁለተኛውን ዶክትሬት በ1975 ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏል፤ የማዕረግ ስሞች ከሥራው ጋር ሁልጊዜ በልክ እንደማይገጥሙ ልብ ይሏል። ቦታ ስለ ጠበበ ከፒተር ዶኸርቲ ጋር አንድ ክፍል ተጋራ። ዶኸርቲ የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ዶክትሬቱን በ1970 ከኤድንብራ ያገኘው የበጎችን አንጎል በሚያስቆጣ ቫይረስ ላይ ሠርቶ ነው። ስለዚህ አንዱ የታመመን አንጎል መመርመር ያውቃል፤ ሌላው ሎዛን ሳለ የሕዋስን መገደል በቁጥር የመለካት ዘዴ ተምሯል።

ዘዴው ሲነገር ቀላል ነው። በቫይረስ የተያዙ ሕዋሳት ጨረር አመንጪ የሆነውን ክሮሚየም-51 እንዲውጡ ይደረጋል፤ ከታጠቡ በኋላ ከገዳይ ቲ ሕዋሳት ጋር ይቀላቀላሉ። የተገደለው ሕዋስ ክሮሚየሙን ወደ ፈሳሹ ይለቃል፤ ፈሳሹ በጨረር ቆጣሪ ይለካል። ችግሩ ያለው በማነጻጸሪያው ላይ ነው። ገዳይ ሕዋስ ባልገባበት ጉድጓድ ውስጥም ሕዋሳት በራሳቸው ጥቂት ክሮሚየም ስለሚለቁ፣ ይህ መጠን ከፍ ካለ የቀኑ ውጤት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። የጊዜ ሰሌዳውም ጥብቅ ነው። ክሮሚየም-51 በ28 ቀን ገደማ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል፤ አይጦቹ ደግሞ ከሙከራው አንድ ሳምንት ያህል ቀድመው መያዝ አለባቸው፤ ሕዋሳቱም በዚያው ቀን ለሥራ መድረስ ይኖርባቸዋል። ከእነዚህ አንዱ ከዘገየ የሳምንቱ ድካም ይባክናል። በእኔ አስተያየት የድኅረ ዶክትሬት ሥራ አብዛኛው ክፍል ይህን የመሰለ ዝግጅት ነው፤ የሥራ ማስታወቂያዎች ግን ስለዚህ አይናገሩም።

ሁለቱ ተመራማሪዎች የአንጎልን ሽፋን የሚያስቆጣውን ኤል ሲ ኤም የተባለ ቫይረስ በልዩ ልዩ የአይጥ ዝርያዎች ላይ ፈተኑ። ለመገደል የቀረቡት ሕዋሳት ሲ3ኤች ከሚባል ዝርያ የተገኙ ነበሩ። ከሲቢኤ አይጦች የመጡ ገዳይ ሕዋሳት በቫይረሱ የተያዙትን ገደሉ፤ ከባልብ ሲ አይጦች የመጡት ግን ሳይነኳቸው ቀሩ።

ይህን ውጤት በችኮላ የሚያነብ ሰው የባልብ ሲ አይጦች ገዳይ ሕዋስ አያፈሩም ብሎ ይደመድም ነበር፤ መጠነኛ ጽሑፍም ያወጣበት ነበር። ሆኖም ያ ዝርያም በቫይረሱ ይታመማል፤ በሽታውን የሚያመጣውም የራሱ የመከላከያ ሕዋሳት ጥቃት እንጂ ቫይረሱ ብቻ አይደለም። እንግዲያውስ ገዳዮቹ አሉ፤ የቀረበላቸው ሕዋስ ግን የእነርሱ አይደለም። ሲቢኤ እና ሲ3ኤች ኤች-2 የተባለውን የሕብረ ሕዋስ መለያ ይጋራሉ፤ ባልብ ሲ ግን የተለየ መለያ አለው። ገዳዮቹና ታላሚዎቹ በመለያ ሲገጥሙ መግደሉ ታየ፤ ሳይገጥሙ ቀረ። ከአንድ ወላጅ ብቻ ትክክለኛውን መለያ የወረሱ ድቅል አይጦችም ገዳይ ሕዋሶቻቸው ይሠሩ ነበር።

እስከዚያ ድረስ ኤች-2 በዋነኛነት የሚታወቀው ንቅለ ተከላን በሚያስጥል ጠባዩ ነበር። ተፈጥሮ ግን ቆዳ ከአይጥ ወደ አይጥ አታዛውርም፤ መለያው ለምን እንደ ኖረ መልስ ያጣ ጥያቄ ነበር። አሁን መልሱ ተገኘ፦ ቲ ሕዋስ ቫይረሱን የሚያውቀው ከራሱ አካል መለያ ጋር አጣምሮ ነው። ሥራው በ1974 በኔቸር መጽሔት ታተመ፤ በ1996 ሁለቱን ለኖቤል ሽልማት አበቃቸው።

ቲ ሕዋሱ ሁለቱን ነገር በአንድ ተቀባይ ይለያል ወይስ በሁለት? ይህ ክርክር ከአሥር ዓመት በላይ ቆየ። ለመልሱ መንገድ ከከፈቱት መካከል ፓሜላ ቢዮርክማን ትገኛለች። በሃርቫርድ ዶክትሬቷን በ1984 ካገኘች በኋላ፣ የብዙዎችን ምክር ትታ ቦታ አልለወጠችም፤ የጀመረችውን የሰው መለያ ፕሮቲን የክሪስታል ጥናት በድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪነት ቀጠለች። እንግዳ ሙያ ይዞ መሄድ ብቸኛው መንገድ እንዳልሆነ የሚያሳይ ነው። በ1987 ከዶን ዋይሊ፣ ከጃክ ስትሮሚንገርና ከሌሎች ጋር ያወጣችው ቅርጽ በፕሮቲኑ አናት ላይ አንድ ሸለቆ አሳየ። በሸለቆው ውስጥ ከፕሮቲኑ ሰንሰለት ጋር የማይገጥም ተጨማሪ ነገር ይታይ ነበር፤ እነርሱም እንደ መለኪያ ስሕተት ሳይጥሉት በጽሑፉ አሰፈሩት። ያ ነገር መለያው ለቲ ሕዋስ የሚያቀርበው የፕሮቲን ቁራጭ ነበር።