በማኅበራዊ ሚዲያ ማስታወቂያ የጤና ጥናት ተሳታፊዎችን መመልመል፦ የናሙና ውክልናና የምስጢር ጥበቃ ጥያቄዎች

ለጤና ጥናት ተሳታፊ ማግኘት አድካሚ ሥራ ነው። ቤት ለቤት እየዞሩ ወይም በጤና ተቋም ተገኝተው መመልመል ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል፤ መገለልን ፈርተው ወደ ተቋም የማይመጡ ሕሙማንን ማግኘትም ያዳግታል። በዚህ ምክንያት በርካታ ተመራማሪዎች ፊታቸውን ወደ ፌስቡክና መሰል መድረኮች አዙረዋል። በአነስተኛ ገንዘብ መጀመር ስለሚቻል ለመመረቂያ ጥናትም ይመቻል። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው ማግኘትና ጥናቱ የሚሻውን ሰው ማግኘት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ማስታወቂያው ለማን ይታያል?

ተመራማሪው የዕድሜና የአካባቢ ወሰን ቢያስቀምጥም፣ በወሰኑ ውስጥ ካሉት መካከል ማን እንደሚያየው የሚወስነው መድረኩ ነው። የማስታወቂያ ቦታ በቅጽበታዊ ጨረታ ይሸጣል፤ አልጎሪዝሙም በተመደበው ገንዘብ ብዙ ምላሽ ለማስገኘት ይሠራል። ላምብሬክትና ታከር እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት፣ ጾታ ሳይለይ በ191 አገሮች የቀረበ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ሥራ ማስታወቂያ ከወንዶች ያነሱ ሴቶች እንዳዩት አሳይተዋል። ወጣት ሴቶችን ሌሎች አስተዋዋቂዎችም አጥብቀው ስለሚፈልጓቸው ለእነርሱ ማሳየት ይበልጥ ውድ ነበር። የጤና ጥናት ማስታወቂያም የሚያልፈው በዚሁ ጨረታ ነው።

ብዛት ውክልናን አይተካም

በአሜሪካ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ዴልፊ ቡድን ከፌስቡክ ጋር ያካሄደው የኮቪድ-19 ዳሰሳ በየሳምንቱ 250,000 ያህል ምላሽ ይሰበስብ ነበር። ተሳታፊዎቹን የጋበዛቸው የተከፈለበት ማስታወቂያ ሳይሆን ፌስቡክ ራሱ ነው። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2021 በኔቸር መጽሔት የወጣ ትንተና፣ ዳሰሳው በዚያው ዓመት ሜይ ወር ቢያንስ አንድ ክትባት የወሰዱ አዋቂዎችን ድርሻ በ17 የመቶኛ ነጥብ አጋንኖ እንደገመተ አረጋግጧል። በአንድ ዙር 1,000 ያህል ሰዎችን ብቻ የጠየቀ ሌላ ዳሰሳ ግን ወደ እውነታው ይበልጥ ቀርቦ ተገኝቷል።

ከፈቃድ በፊት የሚወጣ ምስጢር

አንድ ሰው ስለ ኤችአይቪ ጥናት የሚናገር ማስታወቂያን ጠቅ ሲያደርግ፣ የስምምነት ቅጹን ከማንበቡ አስቀድሞ ፍላጎቱ ለመድረኩ ይታወቃል። ከማስታወቂያው ሥር የሚጽፈው አስተያየትም ጤንነቱን ለሌሎች ሊገልጥ ይችላል። ሜታ ከጃንዋሪ 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከጤና ጉዳዮች ጋር የተያያዙ ዝርዝር የዒላማ መለያዎችን አስወግዷል፤ አደጋው ግን በዚህ ብቻ አያበቃም። ስለዚህ ማስታወቂያው አንባቢውን ሕመምተኛ አድርጎ ባይጠራ፣ የመጠይቁ ገጽ የመድረኩን መከታተያ ኮድ ባይዝ፣ የማስታወቂያው ጽሑፍና ምስልም ለሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ አስቀድሞ ቢቀርብ ይገባል።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ማስታወቂያውን ያዩት፣ ጠቅ ያደረጉት፣ መስፈርቱን ያሟሉት፣ የተስማሙትና መጠይቁን የጨረሱት ስንት እንደሆኑ በየደረጃው ተመዝግቦ በሪፖርቱ ይገለጽ። ሁለተኛ፣ ሴቶች፣ አረጋውያን ወይም ሌሎች በቀላሉ የማይደረስባቸው ክፍሎች የየራሳቸው ማስታወቂያና በጀት ይኑራቸው። ሦስተኛ፣ የናሙናው ስብጥር ከሕዝብ ቆጠራ ወይም ከሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጋር ይነጻጸር። አራተኛ፣ ለተሳትፎ ክፍያ ካለ ተደጋጋሚና ሐሰተኛ ምላሾችን የሚለይ ማጣሪያ ይዘጋጅ።

ከሁሉም በፊት ግን የጥናቱ ጥያቄ ሊመረመር ይገባል። አብዛኛው ሕዝብ በገጠር በሚኖርባት በኢትዮጵያ የአንድን በሽታ ስርጭት በማኅበራዊ ሚዲያ ምልመላ ብቻ መለካት ከመነሻው የተዛባ ውጤት ይሰጣል። ዓላማው የሕሙማንን ተሞክሮ መረዳት ከሆነ ግን ዘዴው ሌላ መንገድ የማያደርሳቸውን ሰዎች ሊያስገኝ ይችላል። ተሳታፊዎች በዕጣ በሚመደቡበት የሕክምና ሙከራም በቡድኖቹ መካከል የሚደረገው ንጽጽር ተዓማኒነቱን ይጠብቃል፤ ውጤቱን ለመላው ሕዝብ ማጠቃለል ግን ሌላ ማስረጃ ይሻል። እንግዲህ ተማሪው በጀቱን ከማስላቱ በፊት፣ ማስታወቂያው የማይደርሳቸው ሰዎች እነማን እንደሆኑና የእነርሱ መቅረት መልሱን ይለውጥ እንደሆነ በምርምር ዕቅዱ ላይ በጽሑፍ ሊያስቀምጥ ይገባዋል።