ቀሚሱ በበተርክሬም፣ ጥለቱ በፎንዳንት

በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ በሰመር ለሚደገስ ሠርግ፣ መልስ ወይም ክርስትና ኬክ የሚሠራ ሰው ኬኩን ከላይ እስከ ታች እንደ ሊጥ በሚዳመጠው የስኳር ልባስ፣ በፎንዳንት፣ ባይሸፍነው ይሻላል። ገላውን ከቅቤና ከስኳር የሚመታውን በተርክሬም ያልብሰው፣ ፎንዳንቱ ለጌጡ ብቻ ይዋል። ይህን የምለው በአየሩ ምክንያት ነው። በዋሽንግተን አካባቢ የጁላይ ቀን በአማካይ ከ31 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይሞቃል፤ አየሩም እርጥበት ያዘለ ነው። ፎንዳንት አብዛኛው ስኳር ስለሆነ ከአየሩ ውሃ ይስባል፤ ያልበዋል፣ ያብለጨልጫል፣ ሲነኩት እጅ ላይ ይጣበቃል። ከሥሩ ያለው ቅቤም 30 ዲግሪ አለፍ ሲል ይቀልጣል፤ ገና ሳይቀልጥም ይላላል። በላላ ክሬም ላይ የተዘረጋ ፎንዳንት በራሱ ክብደት ወደ ታች እየተንሸራተተ ግርጌው ላይ ይቆዝራል። ይህን ሁሉ ተቋቁሞ ድግሱ ላይ ቢደርስ እንኳ ብዙ እንግዳ ፎንዳንቱን ልጦ ሳህኑ ዳር ይተወዋል።

ሥራው የሚጀመረው ከክሬሙ ነው፤ ጌጡ የሚቆመው ክሬሙ ሲጠነክር ብቻ ነውና። ስፋቱ 20፣ ቁመቱ 10 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ኬክ 340 ግራም ጨው የሌለው የገበታ ቅቤና 680 ግራም የተፈጨ ስኳር ይበቃል። ቅቤው ጣት ሲያርፍበት የሚሰረጉድ እንጂ የቀለጠ አይሁን። መጀመሪያ ብቻውን ነጣ እስኪል አምስት ደቂቃ ያህል ይመታ፣ ከዚያ ስኳሩ በየተራ ይግባ፣ በመጨረሻ ቫኒላና ሁለት ማንኪያ ወተት። ኬኩን በስሱ ቀብታችሁ ፍርፋሪው እንዲያዝ ለ30 ደቂቃ ፍሪጅ አስገቡት። ሁለተኛውን ቅብ ወፈር አድርጉና በሙቅ ውሃ ተነክሮ በደረቀ ቢላ አለስልሱት። ከዚያ ጣት ሲነካው ምልክት እስከማይቀበል ድረስ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቀዝቅዝ። ከአዲስ አበባ ኬክ ቤቶች በለመድነው የቶርታ ክሬም ላይ ግን ይህን አትሞክሩ፤ በውስጡ ያለው ውሃ ፎንዳንቱን ያሟሟዋል።

ለሐበሻ ድግስ ከጥለት የሚበልጥ ጌጥ አላውቅም፤ ነጭ ገላና ባለቀለም ዳር ራሱ የሐበሻ ቀሚስ መልክ ነው። ለፎንዳንቱ ጄል ቀለም ተጠቀሙ፤ ፈሳሹ ቀለም ያላላዋል። ቀይ ብዙ ቀለም ስለሚፈልግና ሲያድር ስለሚደምቅ ከዋዜማው ተለውሶ በፕላስቲክ ይጠቅለል። ገበታው ላይ ኮርን ስታርች ነስንሳችሁ ፎንዳንቱን እስከ 2 ሚሊ ሜትር ዳምጡት። የ20 ሴንቲ ሜትር ኬክ ዙሪያው 63 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ርዝመቱ 65፣ ወርዱ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቢጫ መደብ ቁረጡ። ቀጫጭን አረንጓዴና ቀይ መስመሮችን፣ መሐል ላይም መስቀሎችን በጥቂት ውሃ እያጣበቃችሁ አሳምሩት። ጥለቱን እንደያዛችሁ አትሸከሙት፣ ይለጠጣል፤ እንደ ፋሻ ጠቅልላችሁ በቀዘቀዘው ኬክ ግርጌ ዙሪያ ቀስ እያላችሁ ፍቱት። መጋጠሚያው በስተጀርባ ይሁን።

ጀበናና ስኒ መሥራት የሚወድ 250 ግራም ፎንዳንት ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ሲኤምሲ የሚባል ማጠንከሪያ ዱቄት ጨምሮ ይለውስ፣ ቅርጹንም ከሁለት ወይም ሦስት ቀን በፊት ሠርቶ ኤሲ ባለበት ክፍል ያድርቀው። ፍሪጅ ውስጥ አይደርቅም። ኬኩ ላይ የሚቀመጠውም አዳራሹ ሲደረስ ነው።

ፎንዳንት ኬኩን ከሙቀት ይከላከላል የሚሉ አሉ። እንዳይደርቅ ይከላከላል፣ ይህ እውነት ነው፤ የሥሩን ቅቤ እንዳይላላ ግን አያደርግም። ድግሱ ድንኳን ውስጥ ከሆነ መፍትሔው የቅቤውን ግማሽ በሾርትኒንግ (በአትክልት ስብ) መተካት ነው። ጣዕሙ ትንሽ ይቀንሳል፣ ሙቀቱን ግን በተሻለ ይችላል። ሌሎች ደግሞ ፎቶ ላይ እንደ እብነ በረድ የሚለሰልሰው ፎንዳንት ብቻ ነው ይላሉ። ከባዱ ተቃውሞ ይህ ነው፤ በርካታ ደርብ ባለው ኬክ ላይ በእርግጥ የፎንዳንትን ልስላሴ የሚስተካከል የለም። ቢሆንም በደንብ የቀዘቀዘና በሙቅ ቢላ የተላገ በተርክሬም በጣም ይቀርበዋል፤ የሚቀረውን ልዩነት ደግሞ ሲበሉት ጣዕሙ ይክሰዋል። ድግሱ ኦገስት 7 በሚገባው የፍልሰታ ጾም ውስጥ ከዋለ ቅቤውና ወተቱ ቀርተው ክሬሙ በሾርትኒንግና በውሃ ይሠራ፤ የኬኩም ሊጥ ያለ እንቁላል ይሁን። የፎንዳንቱ ማሸጊያ ላይ ያለው ጽሑፍም ይነበብ፤ አንዳንዱ ጀላቲን አለበት። ቤት ውስጥ በማርሽማሎ የሚሠራው ፎንዳንት ደግሞ ብዙ ጊዜ የአሳማ ጀላቲን ስላለው ሙስሊም እንግዳ ካለ አይሆንም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አሌክሳንድሪያ የሚሄድ ኬክ በ495 ቤልትዌይ ላይ መኪና ተዘጋግቶ ሊቆም ስለሚችል መኪናው በኤሲ ቀድሞ ይቀዝቅዝ፣ ኬኩም ወንበር ላይ ሳይሆን ወለሉ ላይ ይቀመጥ። ከፍሪጅ ሲወጣ ካርቶኑ ወዲያው አይከፈት፤ ጤዛው ጥለቱ ላይ እንዳያርፍ ካርቶኑ ይቀበለው። ጥለቱ ቢያልበውም በጨርቅ አትጥረጉት፣ ቀለሙ ይፈሳል፤ ኤሲ ባለበት ሲቆይ ራሱ ይደርቃል። ኬክ የምታዙም ሰዎች ለሠሪው የኬኩን መልክ ብቻ ሳይሆን ድግሱ ውጭ ይሁን አዳራሽ፣ መንገዱ ምን ያህል እንደሚወስድና ጾም መሆን አለመሆኑን ቀድማችሁ ንገሩት።