የክርን ጅማትና የማይሰማው ድምፅ

ከገደል አፋፍ ቆሞ የተጣራ ሰው ድምፁ ከማዶ ተመልሶ ይሰማዋል። ከጥሪው እስከ ማሚቶው ያለውን ጊዜ ከለካና የድምፅን ፍጥነት ካወቀ፣ ሸለቆውን ሳይሻገር የማዶውን ርቀት ሊያሰላ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ይኸው ቀላል ስሌት የክርንን ጅማት ለመመርመር እንዴት እንደሚያገለግል እንመለከታለን።

ጅማት የሚለው ቃል በዘልማድ ለብዙ ነገር ይውላል። እዚህ ላይ የምንናገረው አጥንትን ከአጥንት ጋር ስለሚያስተሳስረው ነው። በክርን ውስጠኛ ጎን፣ የላይኛውን ክንድ አጥንት በትንሿ ጣት በኩል ካለው የታችኛው ክንድ አጥንት ጋር የሚያያይዝ ጅማት አለ። ጦር ወርዋሪዎችና የቤዝቦል ተጫዋቾች ክንዳቸውን በኃይል በወነጨፉ ቁጥር ይህ ጅማት ይወጠራል፤ ውጥረቱ ሲደጋገምም ሊላላ ወይም ሊበጠስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1974 ዶክተር ፍራንክ ጆብ የሎስ አንጀለስ ዶጀርሱን ቶሚ ጆንን በቀዶ ጥገና አክመው፣ የተበጠሰውን ጅማት ከራሱ ሰውነት በተወሰደ ጅማት እስኪተኩለት ድረስ፣ እንዲህ ያለ ጉዳት ለወርዋሪ በአብዛኛው የሙያው ማብቂያ ነበር። ዛሬም ከቀዶ ጥገናው በኋላ ወደ ውድድር ለመመለስ አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይጠይቃል። በመሆኑም «ጅማቱ ተበጥሷል ወይስ አልተበጠሰም?» የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1880 ዣክና ፒየር ኩሪ የተባሉት ወንድማማቾች አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጫኗቸው ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩ አሳዩ። በተቃራኒውም ኤሌክትሪክ ሲሰጣቸው ይርገበገባሉ። የአልትራሳውንድ መሣሪያ እጀታም በዚሁ ባሕርይ ይሠራል፤ ድምፅ ይልካል፣ ማሚቶውንም ያዳምጣል። ጆሯችን እስከ 20,000 ሄርዝ ገደማ ይሰማል። ለክርን ግን 12 ሚሊዮን ሄርዝ ያህል ድግግሞሽ ያለው ድምፅ እንጠቀማለን እንበል። ድምፅ በለስላሳ የሰውነት ክፍሎች ውስጥ በአማካይ በሴኮንድ 1,540 ሜትር ስለሚጓዝ፣ የሞገዱ ርዝመት 1,540 ለ12,000,000 ተካፍሎ 0.13 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። አጭር ሞገድ ጥቃቅን ነገሮችን ለይቶ ያሳያል። ነገር ግን ቶሎ ይደክማል፤ ስለዚህ በሆድ ውስጥ በጥልቀት ላለ አካል ዝቅተኛ ድግግሞሽ ይመረጣል። የክርኑ ጅማት ከቆዳው ብዙም ስለማይርቅ ከፍተኛውን ድግግሞሽ ለመጠቀም ያመቻል።

ማሚቶ የሚፈጠረው ድምፁ ጠባዩ ከተለየ ነገር ጋር ሲገናኝ ነው። በአየርና በሰውነት መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ሰፊ በመሆኑ፣ በመካከላቸው ጥቂት አየር ቢገባ ድምፁ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከቆዳው ላይ ይመለሳል። መርማሪው ዝልግልግ ቅባት የሚቀባው ይህን አየር ለማስወገድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ጅማት ጎን ለጎን የተደረደሩ ቃጫዎች ስብስብ ነው። ድምፁ በቀጥታ ሲያርፍበት ማሚቶው ወደ እጀታው ስለሚመለስ ጅማቱ ደምቆ ይታያል። እጀታው ጥቂት ካዘነበለ ግን፣ በመስተዋት ላይ በስላች እንዳረፈ ብርሃን፣ ማሚቶው ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄዳል፤ ጤነኛው ጅማትም ጠቁሮ የተበጠሰ ይመስላል። ጥንቁቅ መርማሪ ጥቁር ቦታ ባየ ጊዜ አስቀድሞ የእጀታውን አቅጣጫ ያስተካክላል። ጥቁረቱ ከጠፋ ጉድለቱ የማዕዘኑ እንጂ የጅማቱ አልነበረም።

ሌላው ጠቃሚ ዘዴ ጅማቱን እየወጠሩ ማየት ነው። ክርኑ ጥቂት ታጥፎ የታችኛው ክንድ ወደ ውጭ ሲገፋ፣ በሁለቱ አጥንቶች መካከል ያለው ክፍተት ይለካል። ይህ ከሌላኛው ክርን ጋር ሲነጻጸር በጉልህ ከሰፋ ጅማቱ መጎዳቱን ያመለክታል። ልዩነቱ የሚቆጠረው በሚሊ ሜትር ስለሆነ ግን ልኬቱን መደጋገም ያስፈልጋል። ከዚህም ሌላ ለዓመታት የወረወረ ክንድ ያለ ጉዳትም ላላ ሊል ስለሚችል፣ ሐኪሙ ሥዕሉን ከሕመሙ ታሪክ ጋር አገናዝቦ ይፈርዳል።

በመጨረሻም ለአንባብያን አንድ መልመጃ እንተዋለን። ማሚቶው ከተላከ ከ20 ሚሊዮንኛ ሴኮንድ በኋላ ቢመለስ፣ ድምፁን የመለሰው ነገር ምን ያህል ጥልቀት ላይ ይገኛል? 3.1 ሴንቲ ሜትር ያላችሁ የመመለሻውን ጉዞ ረስታችኋል፤ ትክክለኛው መልስ የዚያ ግማሽ፣ 1.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከገደሉ አፋፍ የተጣራውም ሰው እንዲሁ ለሁለት ካላካፈለ፣ የማዶው ርቀት እጥፍ ሆኖ ይታየዋል።