ፋይሉ ለምን 2 ጊጋባይት ላይ ቆመ?



በማስተማር ልምምድ ጊዜ የተቀረጹትን የቡድናችንን ቪዲዮዎች ወደ አንድ ጥቅል ፋይል የሚሰበስብ ትንሽ ፕሮግራም በሲ ቋንቋ ጽፌ ነበር። ፕሮግራሙ ሥራውን ጨረሰ፤ አንዲት የስህተት ቃል እንኳ አላወጣም። እኔም ተማምኜ ዋናዎቹን ቪዲዮዎች ደመሰስኩ። በኋላ ጥቅሉ ሲከፈት ግን የመጨረሻዎቹ ሦስት ጓደኞቻችን ትምህርት የለም! ፋይሉ በ2,147,483,647 ባይት ላይ ቀጥ ብሏል። ታዲያ ይህ ቁጥር ከየት መጣ?

ምክንያቱ

አንድ ፕሮግራም በፋይሉ ውስጥ የት እንደደረሰ በቁጥር ይይዛል። የዚህ ቁጥር ዓይነት «ኦፍ-ቲ» ይባላል። እኔ በሠራሁበት ባለ 32 ቢት ሊነክስ ላይ፣ ሌላ ካላዘዝነው በቀር፣ ስፋቱ 32 ቢት ነው። አንዱ ቢት ለምልክት ስለሚውል 31 ይቀራል፤ ይኸውም 2 ጊጋባይት ሊሞላ አንድ ባይት ሲጎድለው ማለት ነው። በሮስተር ላይ ለማርክ ሁለት ቤት ብቻ ብንተው 99 ይጻፋል፣ 100 ግን አይገባም። ነገሩ ይኸው ነው።

መፍትሔው

1ኛ/ ከሄደሮች ሁሉ በፊት «_ፋይል_ኦፍሴት_ቢትስ» የሚለውን ስም 64 ብሎ መደንገግ። በላቲን ሲጻፍ ሁሉም በትልልቅ ፊደል ነው። ከዚያም የፕሮግራሙን ክፍሎች በሙሉ እንደገና ኮምፓይል ማድረግ ያሻል። ያን ጊዜ ወሰኑ ከ8 ቢሊዮን ጊጋባይት በላይ ይሆናል። የሊነክስ ከርነልም እ.ኤ.አ. በ2001 ከወጣው 2.4 ጀምሮ ትልልቅ ፋይሎችን ይቀበላል።

2ኛ/ «ኤፍ-ሲክ» እና «ኤፍ-ቴል» በ«ሎንግ» ስለሚሠሩ ድንጋጌው አያሰፋቸውም። በእነሱ ፋንታ «ኤፍ-ሲክ-ኦ» እና «ኤፍ-ቴል-ኦ» ይጻፉ። መልሱም በ«ኦፍ-ቲ» እንጂ በ«ኢንት» አይቀመጥ።

3ኛ/ «ኤፍ-ራይት» እና «ኤፍ-ክሎዝ» የሚመልሱትን ዋጋ ሁልጊዜ ማየት። ሲስተሙ እኮ «ፋይሉ ከመጠን በላይ ነው» ብሎ ነግሮኝ ነበር፤ ያልጠየቅሁት እኔ ነኝ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በፋት 32 የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4,294,967,295 ባይት የበለጠ ፋይል አይዝም። ይህ የዲስኩ አደረጃጀት ወሰን ስለሆነ ፕሮግራም ቢታረምም አይለወጥም።

የመለማመጃ ጥያቄ

«የኔ ኮምፒዩተር ባለ 64 ቢት ስለሆነ ይህ አይመለከተኝም» የሚል ጓደኛ አለ እንበል። እዚያ «ኦፍ-ቲ» ያለ ድንጋጌም 64 ቢት ነው። ነገር ግን የ3 ጊጋባይት ፋይልን መጠን በ«ኢንት» ቢያስቀምጥ ምን ይገጥመዋል? ወረቀት አውጥታችሁ 2ን 31 ጊዜ በራሱ አባዙና አስተያዩት።

ለእኔ የቀረው ትምህርት ይህ ነው፦ ቅጂው ተከፍቶና መጠኑ ተመሳክሮ ሳይታይ ዋናው አይደምሰስ። ሦስቱን ጓደኞቼን ይቅርታ ጠይቄአለሁ፤ ትምህርታቸው ግን አልተመለሰም።