በወርቅ የተቀረጸ አምላክነት

በጌታችን ዘመን በነበረው በጢባርዮስ ዲናር ላይ «የመለኮታዊው አውግስጦስ ልጅ» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። የሞቱ ቄሣሮችን አምላክ ብሎ መሰየም ለሮማውያን የመንግሥት ሥርዓት ነበርና።

አንጦኒኖስ ፒዮስ በ161 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሲሞት የሮም ሸንጎ ከአማልክት ቈጠረው። ተተኪው ማርቆስ አውሬሊዮስም በስሙ የመታሰቢያ ገንዘብ አስመታ። ከእነዚህ መካከል 7 ግራም ያህል የሚመዝነው፥ 25 ዲናር የሚያወጣው የወርቅ ገንዘብ ይገኝበታል። በአንዱ ገጽ የሟቹ መልክ «መለኮታዊ አንጦኒኖስ» ከሚል ጽሑፍ ጋር ይታያል፤ በሌላው ገጽ ለቀብሩ ሥርዓት በእሳት የሚለኮስ ባለ ደርብ ክምር፥ በአናቱም ሠረገላ ተቀርጿል። በዙሪያው ያለው የላቲን ቃል ወደ አማልክት ማዕረግ መግባቱን ያውጃል።

ከዚያ አስቀድሞ፥ በ155 ገደማ፥ ቅዱስ ዮስጢኖስ ለዚሁ ለአንጦኒኖስ ስለ ክርስቲያኖች የመከላከያ ጽሑፍ ልኮ ነበር። በዚያም ቄሣር ከክምሩ ወደ ሰማይ ሲወጣ አየሁ ብሎ የሚምል ሰው እንደሚቀርብ ያነሣል። ክርስቲያኖች ግብር እንደሚከፍሉ፥ ለነገሥታት እንደሚጸልዩ፥ የሚያመልኩት ግን እግዚአብሔርን ብቻ እንደ ሆነ ያስረዳል። ይህ ቅዱስ በ165 ገደማ፥ በማርቆስ አውሬሊዮስ ዘመነ መንግሥት፥ ለአማልክት አልሠዋም በማለቱ በሰይፍ ተቀላ።

እዚህ ላይ አንዳንድ ምእመናን፦ «ቤተ ክርስቲያንስ ቅዱሳንን ስታውጅ ይህንኑ ማድረጓ አይደለምን?» ብለው ይጠይቃሉ። አይደለም።

አንደኛ፥ ሸንጎው ሟች ሰውን አምላክ ብሎ ሰየመ፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ፍጡርን ፈጣሪ አታደርግም፥ የእግዚአብሔር ጸጋ በሰው ላይ የፈጸመውን ሥራ ትመሰክራለች እንጂ።

ሁለተኛ፥ ለቅዱሳን የምናቀርበው የአክብሮት ስግደት ነው፤ የአምልኮ ስግደት ለቅድስት ሥላሴ ብቻ ይገባል።

ሦስተኛ፥ የቄሣር ክብር ከሥልጣኑ የመጣ ነበር፤ የቅዱሳን ክብር ግን ከክርስቶስ መስቀል ይፈልቃል።

ስለዚህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ማቴ. 22፥15-22ን ሲያስተምሩ ከዘፍ. 1፥27 ጋር ቢያያይዙት መልካም ነው። በገንዘቡ ላይ የቄሣር መልክ አለ፤ ስለዚህ ለቄሣር ይመለሳል። በእኛ ላይ ያለው መልክ ግን የማን ነው? ግብራችንን ለመንግሥት፥ አክብሮታችንን ለሹማምንት እንስጥ፤ ራሳችንን ግን መልኩን በእኛ ላይ ላተመው ለእግዚአብሔር እንጠብቅ።