ላሊበላ ላይ ቤት ከመግዛትዎ በፊት

ጥያቄ፦ ላሊበላ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ብዙም የማይርቅ ቤት አግኝቻለሁ። ሻጩ ቀብድ ካልከፈልክ እያለ ያጣድፈኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ቀብዱን ያቆዩት። ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ከከተማው አስተዳደር ያጣሩ፤ ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የባለቤቱም ፊርማ ያስፈልጋል። በሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ብቻውን አያዛልቅም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ሥልጣን ባለው አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዛል። «ከገበሬ የተገዛ ቦታ ነው» ከተባለማ ይተዉት፤ የገጠር መሬት አይሸጥም።

በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ቤት ከሆነ ክረምት ሲወጣ ይዩት፤ እርጥበት መያዝ አለመያዙን ለማወቅ የግድግዳውን እግር በእጅዎ ይዳስሱ።

የላሊበላ ዋናው ጣጣ ግን ቅርስነቱ ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ ተመዝግበዋል፤ በአጠገባቸው ይኖሩ የነበሩ ሰዎችም ተነሥተው ሌላ ቦታ ሰፍረዋል። ስለዚህ ፎቅ ልጨምርበት ብለው ከሆነ የሚገዙት፣ የግንባታ ፈቃዱን በጽሑፍ ሳይዙ አይፈርሙ።