የአንድ ቀን የተራራ ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?

ዝቋላ ከቢሾፍቱ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሜዳ መካከል ብቻውን የቆመ ተራራ ነው። በኦሮምኛ ጩቃላ ይባላል። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 2,989 ሜትር ነው። በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ነበር፤ ዛሬ በአናቱ ላይ ባለው ጎድጓዳ ሥፍራ ሐይቅ ተኝቶበታል። በዚያው የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ይገኛል። በየዓመቱ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ቀን ብዙ ሕዝብ ወደዚያ ይወጣል። ሕፃን ያዘለች እናት አለች፤ በምርኩዝ የሚሄድ ሽማግሌም አለ።

ታዲያ ይህን ያህል ሰው የሚወጣው ተራራ ምን ዕቅድ ያስፈልገዋል? እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። መልሱ አጭር ነው። በበዓል ቀን መንገዱ በሰው የተሞላ ስለሆነ የወደቀውን የሚያነሣ፣ የጠማውን የሚያጠጣ አለ። በሌላው ቀን ግን መንገደኛው ብቻውን ነው። በተለይ ከግርጌው ዛፍ በሌለበት ገላጣ መንገድ ላይ ከፀሐይ፣ ከነፋስና ከመብረቅ የሚሸሸግበት ጥላ የለውም።

እኛ ከከተማ ለማስተማር የመጣን ተማሪዎች ካርታ ማንበብ እናውቅ ነበር። ደመና ማንበብን ግን የተማርነው ከገበሬው ነው። ስለዚህ ይህ ትምህርት የሁለቱም ዕውቀት ነው።

አንደኛ፦ ስለ መንገዱ ሰላም እንጠይቅ

ከአየሩም ከስንቁም በፊት የሚጠየቀው የአካባቢው ሰላም ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዝቋላ ገዳም አራት አባቶች ተገድለዋል። ስለዚህ «ባለፈው ዓመት ሄጄ በደኅና ተመልሻለሁ» ማለት ለዛሬ ዋስትና አይሆንም። የቀበሌውን አስተዳደር፣ የገዳሙን ሰዎችና በግርጌው የሚኖሩትን ገበሬዎች አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። «አሁን አትሂዱ» ካሉን ጉዞው ይቀራል። ተራራው የትም አይሄድም።

ሁለተኛ፦ ሰዓቱን እናስላ

ዊሊያም ኔይስሚዝ የተባለ የስኮትላንድ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 አንድ ቀላል ስሌት አውጥቷል። ለ5 ኪሎ ሜትር መንገድ 1 ሰዓት ይያዛል። በተጨማሪም ለእያንዳንዱ 600 ሜትር አቀበት ሌላ 1 ሰዓት ይጨመራል።

ለምሳሌ ያህል መንገዱ 10 ኪሎ ሜትር፣ አቀበቱ 900 ሜትር ቢሆን፦

ለመንገዱ 2 ሰዓት፣
ለአቀበቱ 1 ሰዓት ተኩል፣
ለዕረፍት ግማሽ ሰዓት፣
ድምር 4 ሰዓት ይሆናል።

እንግዲህ ጧት በ12 ሰዓት የተነሣ ሰው በ4 ሰዓት አናት ላይ ይደርሳል። 1 ሰዓት ተኩል ቢቆይና ለመውረድ 3 ሰዓት ቢፈጅበት 8 ሰዓት ተኩል ላይ ግርጌ ይገኛል። ፀሐይ እስክትጠልቅ ከ3 ሰዓት በላይ ይተርፈዋል። በ3 ሰዓት የተነሣው ግን የሚወርደው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በመካከሉ የአንዱ እግር ቢወለም ሁሉም በጨለማ ይቀራሉ። ዘግይቶ የተነሣ ደግሞ ይሮጣል፤ የሚሮጥም ይወድቃል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ለዚህ ነው።

ከሁሉም በላይ የመመለሻ ሰዓት አስቀድሞ ይወሰን። ለምሳሌ 6 ሰዓት ከተባለ፣ አናቱ በቅርብ ቢታይም 6 ሰዓት ሲሆን ፊታችንን እናዞራለን። «ትንሽ ናት የቀረችው፣ እንጨርሳት» የሚል ሰው ይኖራል። ውሳኔው ቤት ሳለን፣ ሳይደክመን የተወሰነ ስለሆነ እዚያ ላይ ክርክር አያስፈልገውም።

ሦስተኛ፦ ውሃና ስንቅ

በገላጣ መንገድ ላይ ለአንድ ሰው ለአንድ ቀን 3 ሊትር ውሃ ይያዝ። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ይመዝናል፤ ስለዚህ ሸክሙ 3 ኪሎ ነው። «ከባድ ነው፣ እላይ ሐይቅ አለ» ብሎ ኮዳን ባዶ ይዞ መሄድ አይገባም። ጥሙ የሚመጣው ሐይቁ ጋ ከመድረሳችን በፊት ነው። ሐይቁንም ሕዝቡ በቅዱስነቱ ስለሚያከብረው እንደ ማንኛውም ኩሬ እግርና ልብስ አይታጠብበትም።

ለስንቅ ቆሎ፣ በሶና ዳቦ በቂ ናቸው። አይበላሹም፤ እሳትም አይፈልጉም። እሳት ባለመፈለጋቸው ደኑም ይጠቀማል። በተራራው አናት ዙሪያ የጥድ ደን አለ። በመጋቢት 2004 ዓ.ም. በዝቋላ በተነሣው ቃጠሎ ብዙ ሰው ከአዲስ አበባ ሳይቀር እሳቱን ለማጥፋት ወጥቷል። በበጋ አንዲት የሲጋራ ቁራጭ የሰው ዕድሜ የሚያህል ዛፍ ትበላለች።

አራተኛ፦ ልብስና ጫማ

አየሩ በየ1,000 ሜትር ከፍታ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። የዝቋላ አናት ከአዳማ (ናዝሬት) በ1,300 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ስለዚህ አዳማ 28 ዲግሪ ሲሆን እላይ 20 ዲግሪ አካባቢ ሊሆን ይችላል። ላብ ያራሰው ሸሚዝ ላይ ነፋስ ሲጨመርበት ብርዱ አጥንት ይገባል። ከአዳማ በሙቀት ስንነሣ ጋቢ መያዝ ሞኝነት ይመስላል እንጂ አይደለም። በተቃራኒው ፀሐይዋም ከፍ ባልን ቁጥር ይበልጥ ታቃጥላለች፤ ባርኔጣ ወይም ነጠላ ለራስ ያስፈልጋል። አዲስ ጫማ ለተራራ ቀን አይገዛም፤ እግር የለመደው ጫማ ይሻላል።

አምስተኛ፦ መብረቅ

በክረምት ደመናው ብዙውን ጊዜ የሚከማቸው ከቀትር በኋላ ነው። ገበሬው ደመናው ሲጠቁርና ወደ ላይ ሲቆለል ከብቱን ወደ ቤት ይመልሳል። እኛም እንደዚያው እናድርግ።

ብልጭታው ሲታይ እንቁጠር። ድምፅ በ1 ሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 3 ሰከንድ ማለት 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 30 ሳንቆጥር ነጎድጓዱ ከተሰማ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ወዲህ ነውና ወዲያው እንውረድ። ከአፋፍና ከጉብታ እንራቅ፤ ብቻውን በቆመ ዛፍ ሥር አንጠለል። በአንድ ቦታ ተጠጋግተን ሳይሆን ተራርቀን እንሁን። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ላይ አንመለስ።

ስድስተኛ፦ የቡድኑ እርምጃ

ብቻ ከመሄድ ሦስትና አራት ሆኖ መሄድ ይሻላል። አንዱ ቢጎዳ አንዱ አብሮት ይቀመጣል፣ ሌላው ለእርዳታ ይሄዳል። የቡድኑ ፍጥነት የደካማው ሰው ፍጥነት ነው። ጎበዙ ከፊት ብቻውን ከነጎደ ቡድን መባሉ ቀርቷል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ!

ሰባተኛ፦ ዕቅዱን እንጻፍ

ይህ ከሁሉ የሚበልጠው ነው። ወረቀት ወስደን እንጻፍ፦ የምንሄደው ሰዎች ስም፣ የምንወጣበትና የምንወርድበት መንገድ፣ የምንነሣበት ሰዓት፣ የመመለሻ ሰዓት፣ «እስከ ዚህ ሰዓት ካልመጣን ፈልጉን» የምንልበት ሰዓት። ከዚያም ወረቀቱን ማንበብ ለሚችል ሰው ግርጌ ላይ እንስጥ። የእጅ ስልክ አለኝ ብሎ መመካት አያዋጣም፤ ባትሪው ያልቃል፣ ኔትወርኩም በየሸለቆው ይጠፋል።

ሰው ሲጠፋ በሌሊት ፋኖስና ባትሪ ይዞ የሚወጣው የግርጌው ገበሬ ነው። በማግሥቱ የሚያርሰው መሬት አለው፤ በገደሉ ላይ የሚሰነዝረውም እግር የራሱ ነው። ወረቀቱ ካለ በየትኛው መንገድ እንደሚፈልገን ያውቃል። ወረቀቱ ከሌለ ተራራውን በሙሉ ይዞራል። ማንበብና መጻፍ ለደብዳቤና ለደረሰኝ ብቻ አይደለም የምንለው ይህን ይዘን ነው። አምስት መስመር ጽሕፈት የአምስት ሰው ሌሊት ታድናለች።

በደኅና ስንመለስም ወረቀቱን ለያዘው ሰው ሳንነግር ወደ ቤት አንሂድ።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ከስንቅና ከልብስ በፊት የሚጠየቀው ነገር ምንድን ነው? ለምን?
2. መንገዱ 5 ኪሎ ሜትር፣ አቀበቱ 600 ሜትር ቢሆን ያለ ዕረፍት ስንት ሰዓት ይፈጃል?
3. ብልጭታ ታይቶ 12 ስትቆጥሩ ነጎድጓድ ቢሰማ መብረቁ ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል? ምን ታደርጋላችሁ?
4. የመመለሻ ሰዓት ቤት ሳሉ መወሰን ያለበት ለምንድን ነው?
5. በአካባቢያችሁ ያለውን ተራራ፣ ቦሰትም ይሁን ፈንታሌ ወይም ጭላሎ፣ መርጣችሁ የአንድ ቀን ጉዞ ዕቅድ በአምስት መስመር ጻፉ። ጽፋችሁ ስታበቁ ተራራውን ለሚያውቅ ሽማግሌ አንብቡለት፤ የሚያርማችሁንም ጨምራችሁ እንደገና ጻፉት።